አርባ ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት መልስ

ልጁን አድናለሁ ብሎ ክንዷን የሰበረ አባት ይታቀፋል ወይስ ይባረራል? ዶና ኤርሚንዳ ይህን ጥያቄ አምስት ቀን ሙሉ ሲያላምጡት ከርመው መልስ አላገኙለትም። አሁንም ኩሽና ቆመው፣ ከግድግዳው ማዶ የሚባለውን እየሰሙ፣ የአሬፓውን፣ የበቆሎ ቂጣውን፣ ሊጥ ያለ ኃጢአቱ ይደበድቡታል።

ሳሎን ያለችው ከዩኒቨርሲቲ የምትመጣው ዶክተር ሉሲያና ናት። ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ትዳር ታጠናለች። በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ መታወቂያዋን እንደ ጥጃ ቃጭል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ኢባጌ ከተማ ዳር ወዳለው ቤታቸው ትመጣና የዶና ኤርሚንዳን ልጅና ባሏን ትለያያለች፤ እሱን ሳሎን፣ እሷን መኝታ ቤት። ለየብቻ አርባ ጥያቄ ይሞላሉ። የትዳር አጋርዎ ስሜትዎን ምን ያህል ይረዳል? ከአንድ እስከ አምስት። ድንቄም ጥናት! ዶና ኤርሚንዳ ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ማንም ቁጥር አልጠየቃቸውም። ቢጠየቁ ኖሮ ለሟቹ ባላቸው ዜሮም ይበዛበት ነበር።

አማቻቸው አርሌይ አሥራ አንድ ዓመት ጫካ ውስጥ ወታደር ነበር። ሲሰናበት እንዲሁ በቁጥር ከሚጠይቅ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀርቧል። ወታደሮቹ ተራ ሲጠብቁ በረንዳው ላይ መልስ ይጠናናሉ፤ «አንድ አንድ ብቻ ካልክ ውሸታም ይሉሃል፣ አምስት አምስት ካልክ እብድ ይሉሃል። ሁለት ሁለት እያልክ እለፍ፤ አልፎ አልፎ ሦስት ጣል አድርግ።» ከአሥራ አንድ ዓመት ውትድርና ይዞት የመጣው ጥበብ ይኸው ነው። የዶክተሯ ወረቀት መቼም አይለወጥም፤ ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ሚስቱን ዮርላዲስን አስቀምጦ፣ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያስሸመድዳታል።

ትናንትም እንዲሁ ነበር።

«ሠላሳ አንድ። በቤት ውስጥ ሰው ምን ያህል ይጎዳል?» ብሎ ጠየቃት።

«አንድ» አለች ዮርላዲስ፣ አንገቷን ደፍታ። አንድ ማለት ‹በጭራሽ›፣ አምስት ማለት ‹ሁልጊዜ› ነው።

«የልጅቷ ክንድስ?» አሉ ዶና ኤርሚንዳ። «ክንዷም ቁጥር ወጣለት?»

«እማማ፣ በእግዚአብሔር ይተዉን» አለ አርሌይ። « ከታወቀ ልጄን መንግሥት ይወስድብኛል።»

ያለፈው ቅዳሜ የሻማ በዓል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ደጁ ላይ ሻማ ሲደረድር አንዱ ርችት ተኮሰ። አርሌይ ተኩስ መስሎት በዚያ ግዙፍ ገላው የስድስት ዓመቷ ሳራይ ላይ ተወርውሮ አስፋልቱ ላይ ደፈቃት። ሰው መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ አልለቀቃትም። ለክሊኒኩ «ከደረጃ ወደቀች» አሉ። ዛሬ ደግሞ ዶክተሯ እንዳታያት ልጅቷ ከነጀሶዋ ጎረቤታቸው ኑቢያ ቤት ተደብቃለች።

«ዶና ኤርሚንዳ!» ስትል ዶክተሯ ከሳሎን ተጣራች። «ይምጡ እስቲ ይዩ! የሁለቱም መልስ አርባውም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለፈውም እንዲሁ ነበር! እንዲህ የተግባቡ ባልና ሚስት በአራት ዓመት ጥናቴ አላጋጠሙኝም።»

ዶና ኤርሚንዳ በሩ ላይ ቆሙ፤ ዮርላዲስም ከመኝታ ቤት ወጥታ ባሏ አጠገብ ተቀምጣለች። «እንዴታ! በቀቀኖችም እኮ ይግባባሉ።»

ዶክተሯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «በየካቲት ቦጎታ ላይ ስብሰባ አለን። ለሌሎች ጥንዶች አርአያ ሆነው ቢናገሩ ደስ ይለኛል።»

«እሺ እመቤቴ» አለ አርሌይ፣ ጫማውን እያየ። ዮርላዲስ ፈገግ ለማለት ሞክራ አቃታት።

አርአያ! አሉ ዶና ኤርሚንዳ በልባቸው። ገና ልደት አለ፣ ዘመን መለወጫ አለ፤ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ርችት ነው። ዛሬ ክንድ የሰበረ ነገ አንገት ቢሰብርስ? ደግሞ እውነቱን ቢያወጡ፣ ልጅቷን የመንግሥት ሰዎች እጇን ይዘው ቢወስዷትስ? በዚህም እሳት፣ በዚያም እሳት። ሊጥ በያዘ እጃቸው በጓሮ በኩል ወጥተው ወደ ኑቢያ ቤት ሄዱ፤ ሳራይን ይዘው ተመለሱ።

«ዶክተር፣ ለእሷም ቁጥር ይስጧት።»

«እማዬ! ምን ማድረግሽ ነው?» ዮርላዲስ ከወንበሯ ዘለለች።

ዶክተሯ ተንበረከከች። «ምን ሆነሽ ነው የኔ ቆንጆ?»

ሳራይ አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ርችት ጮኸ። አባዬ ከላይ ሸፈነኝ። ከዚያ እጄ ቀጭ አለ።»

ዶክተሯ ከልጅቷ ክንድ ይልቅ ወረቀቶቹን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ... እንደ አደጋ ሊመዘገብ ይችላል» አለች። «ጥቃት ካልነው ከጥናቱ መውጣታቸው ነው። የቀሩኝ ደግሞ አሥራ ሦስት ጥንዶች ብቻ ናቸው።»

እስካሁን በአንቱታ ያከበሯት ዶና ኤርሚንዳ እዚህ ላይ አበቁ። «አንቺ ልጅ፣ የእናትሽ ቤት ቢቃጠል እንኳ ውኃ በማቅረብ ፈንታ ጭሱን ከአንድ እስከ አምስት ትለኪው ይሆናል! አንተም» አሉ ወደ አማቻቸው ዞረው፣ «ጠላት ያልፈራህ ጀግና፣ ወረቀት ፈርተህ ልጅህን ጎረቤት ትደብቃለህ? ሚስትህንም ውሸት ታስጠናለህ?»

አርሌይ ተነሣ። ከዶክተሯ እጅ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ወሰደ። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ አንዱን ሰርዞ አምስትን ከበበ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ፣ እንቅልፍ ማጣት የሚለው ላይ፣ ድንጋጤ የሚለው ላይ፣ ቁጣ የሚለው ላይ፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ዶክተሯ «ኧረ ቆይ፣ አንዴ የተሞላ እኮ አይሰረዝም» ብትልም አልሰማትም። ‹ተጨማሪ አስተያየት› ከሚለው ሥር፣ በዚያ እንደ ልጅ በተንጋደደ ጽሕፈቱ፣ አንድ መስመር ጻፈ። ዶና ኤርሚንዳ አጎንብሰው አነበቡት። «ርችቱ እስኪያልቅ ልጄ ባለችበት ቤት አላድርም።»

ዮርላዲስ አፏን በእጇ ያዘች። ዶና ኤርሚንዳ ሌላ ስድብ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አዘጋጅተው ነበር፤ እዚያው ቀረ።

አርሌይ ወደ ጓሮ ሄዶ የሚተኛበትን የተንጠለጠለ የመረብ አልጋ ከምሰሶው ፈታና ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘ። ሲመለስ ሳራይ አጠገብ ቆመ። እጁን ወደ ጀሶው ዘረጋ፤ ሊነካው አንድ ጣት ሲቀረው ሰበሰበው።

«አባዬ፣ የት ልትሄድ ነው?» አለችው።

በሩን ከፍቶ ወጣ።