መስኮቱ ሥር የቆመው ጠርሙስ

ሆቴሉ ውስጥ «ፕሮፌሰሯ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ረጅሙ አስተናጋጅ ነው። ሊያበሽቃት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። ኮርስ ያስገባት የለም። መጠጥ መቀላቀል የተማረችው ከስልኳ ነው፣ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ሞልታ እየቀዳች። ኮርስ ወስደናል የሚሉትን ስታይ አፍንጫዋን ትነፋለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የባሩ ኃላፊነት ይገባት እንደሆነ ሊወሰን ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈተናውን አንድ መጠጥ ብቻ አደረጉት፤ ማርቲኒ። ጂን አለ፣ ቬርሙት የሚባለው በቅጠላ ቅጠል መዓዛ የተሰጠው ወይን አለ፤ በቃ፣ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ከቧት ቆመ። ብርጭቆውን አቀዘቀዘች። መቀላቀያውን በበረዶ ሞላች፣ ጂኑን ቀዳች፣ ቬርሙቱን መስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ አነሳች። ጠርሙሱን እዚያ ያቆመችው ራሷ ናት፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴው ያምራል። በረጅሙ ማንኪያ በረዶው ሳይንኳኳ አማሰለች፣ አጠለለች፣ የሎሚ ልጣጭ ከላይ ጨመቅ አደረገች። ረጅሙ እንኳ ለቀልድ የከፈተውን አፉን ዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ ቀመሱና ፊታቸውን አጨፈገጉ። የሆነ ነገር ይሸታል አሉ፤ የቆየ፣ እርጥብ ካርቶን የመሰለ።

የፕሮፌሰሯ ምላስ ሁልጊዜም ከራሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። «ብርጭቆ የሚያጥቡትን ይጠይቁ። እኔ ጨርቅ ስነክር አላደግኩም።»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ፤ ብርጭቆ የምታጥበው አክስቷ ናትና። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፣ ለዚህ ሥራ ደጅ የጠናችላት እቴቴ። ልጇ ስታሸንፍ ልታይ ብላ ከጓዳ ወጥታ፣ ትሪ እንደያዘች በሩ ጋ ቆማለች።

እቴቴ ትሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ይሆናል ጌታዬ። ዛሬ ተጣድፌ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጡም። ከነገ ጀምሮ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ብትሠራ እንደሚሻል ብቻ ነገሯት። እሺ ብላ ጓዳ ገባች።

ለፕሮፌሰሯ ሌላ ዕድል ተሰጣት። ገና ያልተነካ አዲስ ብርጭቆ አመጣች፣ ጂኑን ቀዳች። ቬርሙቱን ስታዘነብል ጣቷ ላይ ጠብ አለባት፤ ላሰችው።

እርጥብ ካርቶን።

ጠርሙሱ ከተከፈተ ወራት አልፈውታል። ወይን እንደሆነ ታውቃለች፣ ለሌላውም ስታስረዳ ከርማለች። ከተከፈተ ወዲያ እንደ ማንኛውም ወይን እንደሚበላሽ፣ ፍሪጅ እንደሚያስፈልገው ግን ያየችው ቪዲዮ አልነገራትም። ሰው ደግሞ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ አትወድማ። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ይሄኛው ሊያልቅ ነው ብላ፣ ከቁም ሳጥኑ ያልተከፈተ አወጣች።

«ይኸው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ቀምሰው። «ብርጭቆው ነው እንግዲህ።» እጇን ጨበጧት፤ ባሩ ያንቺ ነው አሏት። ተጨበጨበ። አመሰግናለሁ አለች።

ጓዳ ስትገባ እቴቴ የመደርደሪያውን ብርጭቆ በሙሉ አውርዳ እንደገና እያጠበች ነው። አንዱን አጥባ ታነሳለች፣ ታሸተዋለች፣ ተመልሳ ትነክረዋለች።

«ነይ እስቲ ይችን አሽቺልኝ» አለች ሳትዞር። «አፍንጫዬ አርጅቷል መሰለኝ፣ ለኔ ምንም አይሸተኝም።»

ብርጭቆው የሙቅ ውሃ እንፋሎት እንጂ ሌላ ሽታ አልነበረውም።

«ምንም የለውም እቴቴ።»

«አሁንማ አጠብኩት። ቅድም ምን ነክቶኝ ነው? በሰው ፊት አሳጣሁሽ፣ ልጄ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። መሬት እቴ፣ ንቅንቅም አላለች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች፤ አሮጌውን ጠርሙስ አንስታ፣ ሠራተኛው ሳይበተን ሥራ አስኪያጁ ፊት ትንሽ ቀዳች።

«ይቅመሱት። የሸተተው ይሄ ነው። ብርጭቆው ንጹሕ ነበር። ሁለተኛውን ስቀላቅል አውቄዋለሁ። ጠርሙስ ቀየርኩና ዝም አልኩ።»

ቀምሰው አስቀመጡት። አክስትሽ ከቦታቸው አይነሱም አሉ፤ የባሩን ነገር ግን እናስብበታለን። ረጅሙ አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻላት ነበር።

ስትዞር እቴቴ በሩ ላይ ናት፤ ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ስትቀላቅዪ አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እዚያ ብርጭቆ ሳሸት?»

እቴቴ ተመልሳ ገባች፤ ፕሮፌሰሯም ተከተለቻት። የታጠበው ብርጭቆ ውሃው ሳይደርቅ ተደርድሯል። ልታደርቅላት ብላ ማድረቂያውን ጨርቅ በአንድ ጫፉ ያዘች። እቴቴ ሌላውን ጫፍ አልለቀቀችም።

«ተዪው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ጨርቅ ስትነክሪ አላደግሽም።»

ፕሮፌሰሯ እጇን ሰበሰበች።