አሮጌውን ይዘህ ና

ልብስ ሰፊዋ ቡሎን የሚሉትን መካኒክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠልታዋለች። ጥላቻዋን ሆድ ይፍጀው ብላ አልያዘችውም፤ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። "እናቴን የገደላት እሱ ነው" ትላለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "የቺንጊያ ገንዘብ በልቶ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷና ታናሽ ወንድሟ ተጋግዘው አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ገዝተው ነበር። ወንድምየው በመኪናዋ ሰው እያመላለሰ ይኖራል፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን ቡሎን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ባትሪ አብርቶ አየና "የታይሚንግ ቺንጊያው ጊዜው አልፏል" አላቸው። ቺንጊያው የሞተሩን ላይና ታች አስማምቶ የሚያዞር፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። እሱ ሲበጠስ ላዩና ታቹ ይጋጫል፤ ሞተሩም እዚያው ያበቃለታል።

ዋጋው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ሲነግራት ልብስ ሰፊዋ ሳቀች።

"ለአንድ ቁራጭ ጎማ?"

"ጎማውስ ርካሽ ነው፣ እትዬ" አለ ቡሎን። "ውዱ እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ነው። ግማሽ ሞተር ይወርዳል። የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ ከርሞ ያንኑ ታስፈቺኛለሽ።"

"የአንተስ ሆድ አብሮ አይፈታም? ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ እናይ ነበር።"

ቡሎን ሳቀ። አጭርና ድፍን ያለ ሰው ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

ሁለት የስፌት መኪና ነበራት። ቆዳ የሚበሳውን ትልቁን ሸጠችው። ገንዘቡን ለወንድሟ ስትሰጠው "አሮጌውን ይዘህልኝ ና" አለችው። "ካላየሁ አላምንም።" ቀየርን ብለው አሮጌውን በቤንዚን አጥበው መልሰው የሚያስሩ ሞልተዋል፤ እሷ ደግሞ ፊደል ባትዘልቅም ዓይኗን ጨፍና ገንዘብ የምትሰጥ ሴት አይደለችም።

ወንድሟ በማግስቱ መጣ። ዘይት የጠጣ፣ ዳሩ የተተለተለ ቀበቶ በላስቲክ ይዟል። "ቆሜ እያየሁት ነው የፈታው" አላት። አገላብጣ አየችውና መቀሶቿ ከሚሰቀሉበት ጎን ሚስማር መትታ ሰቀለችው። የሸጠችው የስፌት መኪና ምትክ መሆኑ ነው።

ይህ በሆነ በአሥረኛው ወር እናታቸውን ትንፋሽ አጠራት። ረፋድ ላይ ነው። ወንድሟ ይነዳል፤ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ የእናቷን ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ጫፍ ይታያል። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ አልጮኸም፣ አላጨሰም፤ ጠጥ አለና ዝም አለ። ወንድሟ ቁልፉን አዞረ። ደግሞ አዞረ። እሷ በመስኮቱ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጇን ታወዛውዛለች፤ ከኋላቸው ያለው ጥሩምባ ይነፋባቸዋል። እናቷ ጉልበቷ ላይ ዝም ስትል ወንድሟ ገና ቁልፉን እያዞረ ነበር።

የተበጠሰው ቺንጊያው ነው። መኪናዋን ጎትቶ የወሰደው ሌላ መካኒክ "የነተበ ነበር" አለ። ልብስ ሰፊዋም ነገሩን በራሷ ቆርጣ በራሷ ሰፋችው፤ ቡሎን አሮጌ አውጥቶ ሌላ አሮጌ አስሯል፣ የአዲሱን ዋጋ ኪሱ ከቷል።

እናቷ በተቀበረች በሳምንቱ ቀበቶውን ከሚስማሩ አውርዳ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ሰው ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቃ ነው። ቡሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

"እትዬ፣ እኔ ያንን ቺንጊያ አልነካሁም። ወንድምሽ ዘይት ብቻ አስቀይሮ ነው የሄደው።"

"ታዲያ ይሄ ከሰማይ ወረደ?" ቀበቶውን ፊቱ ላይ አወናጨፈችው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። "ስሙልኝ ጎረቤቶች። እናቴን በአንድ ቁራጭ ጎማ ሸጣታል። የመኪናችሁን ቁልፍ ለዚህ ሰው የምትሰጡ፣ የሬሳ ሳጥን አብራችሁ እዘዙ።"

ሠላሳ የሚሆን ሰው ሰማ። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

እናቷን የቀበረች ሴት ትዋሻለች ብሎ ማን ይጠረጥራል። ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ፤ በዓመቱ ጋራዡ ተዘጋ። ቡሎን አሁን አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ጎማ ይለጥፋል። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ባለፈች ቁጥር ትተፋለች፤ ቀበቶውንም መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቅላዋለች።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ የሚኒባስ ሹፌር የወንበር ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ጨርቁን ስትለካ እሱ ግድግዳዋን ያያል።

"ማዘር፣ የኔን መኪና አንጀት ምነው ሰቀልሽው?"

"የቱን?"

"ይሄ የሚኒባስ ቺንጊያ ነዋ። የናፍጣ። አምና አስቀይሬ አፈር ድሜ በልቻለሁ፣ እንዴት ይጠፋኛል።"

"የቤት መኪና ነው። በእጄ የተሰጠኝ ነው።"

"የቤት መኪና ይህን ከጎረሰች ታንቃ ነው የምትሞተው።"

"ሹፌር ሁሉ መካኒክ ነው" አለችና ሜትሯን ጠቀለለች። "እኔ የምሰፋው ወንበርህን ነው። አፍህንም እንድሰፋው ከፈለግህ ዋጋው ሌላ ነው።"

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ግን እጇ ሥራ አልይዝ አላት። ቀበቶውን አውርዳ፣ ላስቲክ ውስጥ ከታ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ለዚያች ለነጯ መኪና ዓይነት የሚሆነውን አሳየኝ አለች። ባለሱቁ አዲሱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋላት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። የሷ ወርዱ በአንድ ጣት ይበልጣል። ጥርሱን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት ጥርስ ይበልጣል።

"በግድም ቢሆን አይገባም?"

"ቢለምኑትም አይገባም" አለ ባለሱቁ።

ወንድሟን ምሳ ላይ አገኘችው። ሚስቱ ሥራ ነች፤ ብቻውን ይበላል። ላስቲኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ቆሜ እያየሁት ነው የፈታው ብለኸኛል።"

"እትዬ..."

"ይሄ ከሚኒባስ ነው የወጣው። ምኑን ነው ያየኸው?"

አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ገንዘቡን ይዞ ቡሎን ጋ ሄዶ ነበር። ቺንጊያውን ሲያየው ደህና መሰለው። አንድ ዓመት ይጎትታል አለና ዘይት ብቻ አስቀየረ። ሲወጣ ከጋራዡ ቆሻሻ በርሜል አንድ ቀበቶ አነሳ፤ አሮጌውን ይዘህ ና ተብሏላ።

"ገንዘቡስ?"

"ተበላ። ጫማ ገዛሁ። ሰው ጋበዝኩ። ምኑም አይታወቅም።"

"ጋራዡ በር ላይ ስጮህ ከኋላዬ ነበርክ።"

"በየት በኩል ልግባ? አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ መግቢያ አለው? እውነት ነው ወይ ብለሽ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ልትመታው እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። አልጠየቀችውም። ቡሎን በገዛ አፉ ሲነግራትም አልሰማችውም።

"ለመሆኑ በዚህ ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?" አለችው።

"አንዳንዴ" አለ።

ከዚያ ወጥታ ፌርማታው ሄደች። ቡሎን የጎማ ከመናዳሪ ነፍቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ እያዞረ፣ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ሸምግሏል። ሲያያት ልትተፋ መስሎት እግሩን ሰበሰበ።

"አልሰረቅህም" አለች። "ወንድሜ ነው። ያኔ ቺንጊያውን አልነካህም።"

"እሱንማ ድሮም አውቃለሁ።"

"ይቅር በለኝ ልል ነው የመጣሁት።"

ቡሎን እጁን ከውሃው አላወጣም። "ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሚስቴ ናት ሳታውቅ የሞተችው። ታማ ተኝታ 'እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ለማንም አላወራም' ብላኛለች።" አረፋው ወጣ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አደረገበት። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እትዬ። የዚያን ቀን የሰሙት ዛሬ የት እንዳሉ ማን ያውቃል።"

"እኔ አውቃለሁ" አለችው።

ታውቃለች። ምስክር ይሆኑኛል ብላ አንድ በአንድ በልቧ ይዛቸዋለች።

በማግስቱ የስፌት ቤቷን ዘጋችና ከዳቦ ሻጩ ጀመረች። "ያን ቀን ጋራዡ በር ላይ ስጮህ ሰምተኸኛል" አለችው። "ውሸት ነበር። ቡሎን አልሰረቀም። የሰረቀው ወንድሜ ነው፤ ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" ዳቦ ሻጩ አንድ ዳቦ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ጡረታ የወጣው አስተማሪ "ቆይቷል እኮ፣ ተዪው" አላት። አንዷ በሩን ዘጋችባት፤ በተዘጋው በር ላይ ተናግራ ጨረሰች። አንዱ ነገሩን ጭራሽ ረስቶታል፤ ስድቧን መልሳ አስታወሰችውና ከዚያ ውሸት መሆኑን ነገረችው። ሁለቱ ሞተዋል፤ ለልጆቻቸው ተናገረች። ወንድሟ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውሎ "ልጆች አሉኝ፣ እትዬ፣ ስሜን ተዪልኝ" አላት። እስኪጨርስ ሰማችውና ስልኩን ዘጋች።

በአራተኛው ቀን አሥራ ዘጠነኛው ቤት ደረሰች። የቤቱ ባለቤት ሕፃን ታቅፋ ወጣች፤ ሁለት ቃል እንደሰማች ፊቷን ከሰከሰች።

"እንደው ይሄ ዛሬ እኔን ምን አገባኝ?"

"ያኔ ስሰድበው ቆመሽ ሰምተሻል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እግሯን በሩ ላይ አድርጋ። "ይሄንንም ቆመሽ ትሰሚያለሽ።"

እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ከዚያም እግሯን አንስታ፣ ያን ጊዜ ከአጠገቧ ቆማ የነበረችው ጎረቤቷ ወዴት እንደተዛወረች ጠየቀቻት።