እሜቴ መጋረጃ

«ይኼ ቤት ታፍኖ የኖረው ይበቃዋል፤ ትንሽ ብርሃን ይግባበት እንጂ» አለች አክስትየዋ፣ የሳሎኑን መጋረጃ እስከ ጥጉ እየሳበች። ለቀስተኞቹ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ሟች ከበሩ ኋላ ጥግ ይዛ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበርም፣ እንግዳ ሲበዛ መስኮቱ ሥር አምጥተውታል። በሕይወት ሳለች ቢሆን ይህን የሚደፍር አልነበረም።

የሟች ታናሽ እህት፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ መጋረጃው ሲገለጥ አየች። ለመከራከር አቅም አልነበራትም። የሟች ስልክ ከመኝታ ቤት ሲጮህ ሰበብ አገኘችና ተነሣች።

«እሜቴ መጋረጃ!» አለች አንዲት ሴት፣ ገና ሃሎ ሳይባል። «ባለፈው ቀረሽ፣ ዝም አልን። ነገም ብትቀሪ ግን ሹፌሩ መድረኩን ለብቻው ሊይዝብን ነው፣ ሰማሽ?»

«እኔ እህቷ ነኝ።»

«በይ እንግዲያው ንገሪልኝ። ነርሷ ደውላ ነበር በያት። ከክሊኒኩ በላይ ያለው ክፍል፣ ከሰዓት፣ እንደ ወትሮው።» ስልኩ ተዘጋ።

ፀጉር ሠሪዋ ስልኩን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እህቷ እዚህ ቤት እታለም ነበረች፤ ትምህርት ቤት ደግሞ «የሒሳቧ»፣ ተማሪ ከሩቅ ሲያያት ሸሚዙን የሚከትላት። በወር አንድ ቅዳሜ የሆነ ቦታ እንደምትሄድ ይታወቃል። ወዴት ብሎ የጠየቀ ግን «ስብሰባ» ከሚል መልስ በላይ አላገኘም። በቅጽል ስም የሚጠራት ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ሳሎን ስትመለስ ሁለት ጎረቤቶች ሟችን በሹክሹክታ ይዘዋታል።

«በምን ነው ግን?»

«እንጃ። ሁሌ ዘግታ ነው የምትቀመጠው። ትንሽ ኩራትም ነበረባት መሰለኝ።»

«ድንገተኛ ነው!» አለች አክስትየዋ ከወዲያ ጥግ፣ ጆሮዋ አያድርስ ነው። ጎረቤቶቹ ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ።

ኩራት አልነበረም፤ ሉፐስ የሚባል በሽታ ነው። የሰውነት ዘበኛ ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ሲደበድብ ማለት ነው ብሎ ነበር ሐኪሙ ያስረዳቸው። መጀመሪያ የጣቶቿ አንጓ አበጠ፤ ጠመኔ መያዝ አቃታት። ቀጥሎ ፀሐይ ጠላቷ ሆነ፤ ለአፍታ ካገኛት ጉንጯ ከአፍንጫዋ ወዲህና ወዲያ ፍም ይመስላል፣ ሌሊቱን ስታተኩስ ታድራለች። ከዚያ ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። አንድ እሑድ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ታናሿ ፊት ተቀመጠችና «ጨርሺው» አለቻት። ታናሿ ላጨቻት።

ሐኪሙ ያዘዘላት ክኒን አሻላት፣ ግን ፊቷን ነፋው። አንድ ቀን ሁለቱ እህትማማቾች መንገድ ላይ ሳሉ የእታለም የቀድሞ ተማሪ ፀጉር ሠሪዋን አቅፎ ሰላም አለና፣ «መምህራችን እንዴት ናቸው? ሰላም በይልኝ» ብሎ ሄደ። መምህርቷ አጠገቡ ቆማ ነበር። እታለም ነገሩን ከዚያ በኋላ አላነሣችውም።

ፊቷ እየጎደለ ሲመጣ ሁሉም ተሻላት ብሎ ደስ አለው። ኩላሊቷ ሥራ ሲያቆም ነው ሐኪም ቤት የገባችው፤ አልወጣችም። በቀብሩ ማግስት ፀጉር ሠሪዋ የጥቁር ልብሷን ቁልፍ ለመትከል የእህቷን የቁልፍ ቆርቆሮ ስትከፍት፣ ክኒኖቹ ከቁልፎቹ ሥር ተከማችተው አገኘቻቸው። ለአክስቷ ብቻ ነገረች።

ስልኩ በተደወለ ማግስት ነጠላ ጫማዋን በጫማ ስትቀይር አክስትየዋ ደረሰችባት።

«ለቅሶ ተቀማጭ ሆነሽ ወዴት ነው?»

«መርዶ የሚነገራቸው ሰዎች አሉ። እታለም የምትታከምበት ክሊኒክ ነው የሚሰበሰቡት፣ እንደ እሷው ሕመምተኞች ናቸው መሰለኝ።»

«ስልክ የለም?»

«በስልክ መርዶ፣ አክስቴ?»

አክስትየዋ ተረታች። የልጂቱን ሻርፕ እያስተካከለች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው ድንገተኛ ነው በይና ውጪ። እነሱም ያው በሽታ ነው ያለባቸው፣ ልባቸው ይሰበራል። ስለ ክኒኑ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ። ልጄ በራሷ እጅ ሞተች እንዲባልብኝ አልፈልግም።»

«እሺ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። የምሯን ነበር።

ከክሊኒኩ በላይ ባለው ክፍል ውስጥ ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። በሩን ከፍታ ስትገባ ሁሉም ዞረው አዩዋት። ረጅም እጅጌ፣ ሻርፕ፣ በለቅሶና በመሐረብ ብዛት ከአፍንጫ እስከ ጉንጭ የቀላ ፊት። በእነሱ ዓይን ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሽታው።

«ግቢ የኔ እመቤት» አለች ነርሷ፣ ጡረታ የወጣች፣ ከዘራ የያዘች ሴት። «ፊትሽ ላይ ሲወጣብሽ የመጀመሪያሽ ነው?»

«አይ፣ እኔ እንኳ...»

«አትናገሪ። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ቀን ይሰማል እንጂ አይናገርም። የእሜቴ መጋረጃ ሕግ ነው፤ እሷ ስትመጣ ትጣላናለች።» ከመስኮቱ በጣም የራቀውን ወንበር ሰጧት፣ ውሃ በብርጭቆ አቀበሏት። ፀጉር ሠሪዋ ተቀመጠች። እህቷ ዝም በይ ካለች ዝም ማለት የልጅነት ልማዷ ነው።

«እኔን አትፍሪኝ» አላት ሹፌሩ፣ በመካከላቸው ያለው ብቸኛ ወንድ። «የሴቶች በሽታ ያዘኝ ብዬ ለማን ልንገር? ሚስቴ ራሷ ሌላ ሰበብ ፈልግ ነው ያለችኝ።» ሳቁ። «እሜቴ መጋረጃ ብትኖር ደግሞ የእህቷን ታወራልሽ ነበር። ፀጉር ሠሪ እህት አለቻት። ‹እኔን ስትላጨኝ እያለቀሰች ነበር› ትላለች፤ ‹እንዳላየሁ ሆኜ ጣራ ጣራውን ሳይ አንገቴ ተቀጨ› ትላለች። ከዛ ደግሞ ‹ምስኪን፣ አንድ ደንበኛ አከሰርኳት› ብላ ሁላችንንም ታስቃለች።»

እንደገና ሳቁ። ፀጉር ሠሪዋ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ለካ እህቷ ያኔ ስታለቅስ አይታታለች። እታለም ከቤት የነፈገችውን ሳቅ ሁሉ እዚህ አምጥታ ታፈሰው ኖሯል፤ አዘነችም፣ ቀናችም።

ከመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው የባንክ ገንዘብ ያዥ አልሳቀችም። ወጣት ናት። «እኔ ክኒኑን ትቼዋለሁ» አለች ድንገት። «ፊቴን አላውቀውም። መስኮቴ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ወፈርሽ ይለኛል። ከተውኩት በኋላ ደግሞ ደህና ነኝ።»

«እሜቴ መጋረጃ ትምጣ ብቻ!» አለች ነርሷ። «ክኒኗን አንድ ቀን እንኳ ዘልላ አታውቅም።»

«እሷ ጠንካራ ናት። እኔ እሷን አይደለሁም።»

ፀሐዩ በዚህ መሃል ወለሉን አቋርጦ የገንዘብ ያዥዋ ጉልበት ላይ ወጣ። ልጅቷ እግሯን ሰበሰበች። ሌሎቹ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ በሩን አዩ፤ ማንም አልተነሣም። ይህ ሥራ ባለቤት እንዳለው ያስታውቃል። ፀጉር ሠሪዋ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተነሣችና መጋረጃውን ሳበችው፤ ቤት እንደለመደችው፣ ጫፉን በጫፉ ላይ ደርባ።

«ኧረ አዲሷ ሥራ ቀማች!» አለ ሹፌሩ። «የሥራው ባለቤት ስትመጣ ምን ልትያት ነው?»

«አትመጣም» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ያቺ የላጨቻት እህቷ እኔ ነኝ። እኔ አላመመኝም። ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት።»

ነርሷ ከዘራዋን ጨበጠች። «በምን ሞተች?» አለች።

ድንገተኛ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዞር ስትል ገንዘብ ያዥዋ ዓይኗን ተክላባታለች። ጉንጯ እንደ እታለም የመጨረሻ ወራት ጎድሏል፤ ያኔ ተሻላት ብለው እንደተደሰቱበት።

«ኩላሊቷ ነው። ክኒኑን ትታው ነበር።»

«ውሸት!» አለ ሹፌሩ።

«ቁልፍ ማስቀመጫ ውስጥ ነበር የምትደብቀው። ፊቷ ሲጎድል እኛ ደስ አለን።» ወደ ልጅቷ ሄደች። «ጠንካራ አልነበረችም። እንዳንቺው መስተዋት ነው ያሸነፋት። እሷን ሁኚ ልልሽ አልመጣሁም።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ነርሷ አጠገቧ ተቀመጠችና ሰኞ ጠዋት አብረው ሐኪሙ ዘንድ እንደሚሄዱ ነገረቻት፤ ልጅቷ እንቢ አላለችም።

ፀጉር ሠሪዋ ቤት ስትደርስ ለቀስተኛው ሳስቷል። አክስትየዋ በዓይኗ ጠየቀቻት።

«ሁሉንም ነገርኳቸው።»

አክስትየዋ የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። መጋረጃው እንደተገለጠ ነው፤ የማታ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ባዶው ወንበር ላይ ተኝቷል። ፀጉር ሠሪዋ መቀመጫውን በመዳፏ ነካችው፤ ግሏል።

«ተዪው ልጄ» አለች አክስትየዋ ቀስ ብላ። «ማን ይቀመጥበታል ብለሽ ነው?»

እሷ ግን ወንበሩን አንሥታ በለቀስተኞቹ ጉልበት መካከል አሳለፈችውና፣ ከበሩ ኋላ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታው መለሰችው።