የጎንደርና የደባርቅ ብርድ ማነጻጸሪያ

ለመላው የጎንደር ቁስቋም ነዋሪ፣ ለቅርብም ለሩቅም ወዳጅ ዘመድ፦ አቶ ዓለምነው ሐብተ ማርያም ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ሁለት የሙቀት መለኪያዎችን ከነካርቶናቸው ገዝተው በሰላም ወደ ቤታቸው መግባታቸው በታላቅ አክብሮት ይገለጻል። አንደኛው መለኪያ በዚያው ዕለት በበረንዳው ምሰሶ ላይ በሦስት ምስማር ተተክሏል። ሁለተኛው በሶፍት ተጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ ደባርቅ ለምትኖረው እህታቸው ለአመተ ሥላሴ ተልኳል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ባለቤታቸው ሲስተር ማስተዋል ተገኝተው "ምስማሩን ከየት አመጣኸው? የልብስ መስቀያዬን ነቅለህ ነው?" የሚል አጭር ንግግር አድርገዋል።

ጉዳዩ ግን የምስማር አልነበረም። አከራያቸው ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዲለቁላቸው በትሕትና ነግረዋቸዋል። በትሕትና ለተነገረ ነገር ደግሞ መልስ የለም። በዚያው ሰሞን ለዓለምነው ደባርቅ ውስጥ፣ በአንድ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ ከነመኖሪያው የስታቲስቲክስ ባለሙያነት ቦታ ተገኘለት። ሐምሌ አንድ ቀን ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጎንደር ከቀሩ ደግሞ እዚያው ቁስቋም ከታች በኩል አንዲት ክፍል አለች፤ ጣሪያዋ ያፈሳል እንጂ ሌላ ክፋት የለባትም።

አባቱ ባይኖሩ ኖሮ ይህን አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት ይወስነው ነበር። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩበት ደረት ዛሬ ሁለት ደረጃ ሲወጡ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ሐኪሙ ማስተዋልን ኮሪደር ላይ ጠርቶ "ዘንድሮን ብርድ ካላገኛቸው ክረምቱን ይሻገራሉ። ካገኛቸው ግን…" ብሎ የቀረውን በትከሻው ነገራት። ዓለምነው ከዚህ ሌላ ደግሞ ለማንም ያልተናገረው ፍርሃት ነበረው። ካልተሻገሩስ ማን ይቀብራቸዋል?

ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ስለሆነ አላለቀሰም፤ ሰንጠረዥ ሠራ።

በግራ ጎንደር፣ በቀኝ ደባርቅ። የአየር ጠባይ የሚለው ረድፍ በመለኪያዎቹ ይሞላል። "ማኅበራዊ አየር" የሚለው ረድፍ ግን መለኪያ አልነበረውም። ሦስት ቀን አስቦ አገኘለት። የአንድ ከተማ ፍቅር የሚታወቀው፣ ቀብር ካለፈ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ በቀረው ሰው ብዛት ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያም የማያውቀውን ሰው ሁሉ ለቅሶ መድረስ ጀመረ።

"ሙቀት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣" አለችው ማስተዋል፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሲወጣ፣ "አባባን ሳንጃ ቆላ ወስደህ ሰሊጥ መሃል አስቀምጣቸው።"

"ወባውስ?"

"እሱንም በሰንጠረዥ ሙላው።"

መንገዱ ክፍት በሆነ ቅዳሜ ደባርቅ ወጣ። ዳባት ላይ የተቀበለው ጉም እስከ ደባርቅ ድረስ ሸኘው። ገና እህቱ ቤት ሳይደርስ ድንኳን አየና ገባ። ንፍሮ በሳህን ሰጡት። አጠገቡ የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ አያ አስማረ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ብዙ አዩት።

"የሟች ምኑ ነህ?"

"ምኑም አይደለሁም፣ አያ።"

"የባለቤቱ ዘመድ?"

"አይደለሁም። ጥናት ላይ ነኝ።"

"ምን ታጠናለህ፣ እኛን?"

"ለቅሷችሁን።"

አያ አስማረ ንፍሯቸውን አላምጠው ዋጡ። "እንዴት ነው ታዲያ፣ አለፍን?"

"ገና ሁለተኛ ቀናችሁ ነው" አለ ዓለምነው በቅንነት። "ውጤቱ በሦስተኛው ነው።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢው አፈኑ፤ ለቅሶ ቤት ነው። ከዚያ ስለ አባቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው አንድ በአንድ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ "ምነው በመቁጠር ትደክማለህ?" አሉት። "ከጎንደር እድርህ መሸኛ ደብዳቤ አምጣ። ከገባህበት ቀን ጀምሮ የኛ ነህ፤ አባትህም የኛ ናቸው። ብርዱን ግን አልዋሽህም።"

ዓለምነው ይህችን የመጨረሻዋን አልጻፋትም፤ ለብርዱ መለኪያ ነበረው። ሦስተኛውን ቀን ሳይጠብቅ ለደባርቅ ማኅበራዊ አየር ከአሥር ዘጠኝ ሰጠ። ቁስቋም ሰባት ነበረች። በሦስተኛው ቀን ከነበሩት አርባ አንድ ለቀስተኞች አሥራ አንዱ ስልካቸውን ሲያዩ አግኝቷቸዋል።

መለኪያዎቹም ውጤት ማስገባት ጀመሩ። አመተ ሥላሴ በየቀኑ ትደውላለች። ደባርቅ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ቀትር አሥራ ዘጠኝ፣ ማታ አሥራ ዘጠኝ። የሰኔ ዝናብ የያዛት ጎንደር ማለዳ ማለዳ አሥራ አራት ላይ ነበረች። ዓለምነው ዓይኑን ተጠራጠረ እንጂ ቁጥሩን አልተጠራጠረም። መሸኛውን ሊጠይቅ ወደ እድሩ ጸሐፊ ወደ አቶ ህሩይ ሄደ። አቶ ህሩይ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ማኅተም ግን ከኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም።

"ደብዳቤ የሚሰጠው ለሚሄድ ሰው ነው። ትሄዳለህ?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል የሚል ፎርም የለንም።"

ዓለምነው "እሄዳለሁ" በሚለው ላይ ፈረመ፤ ለወረቀቱ ሲባል።

የቁስቋም ሰው ግን አንድን ጎረቤት በወረቀት ብቻ አይሸኝም። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። አዲስ ጋቢ በመሪጌታ ትከሻ ላይ ተደረበ። ሰዎች አንድ በአንድ እየተነሡ ልጆቻቸውን እንዳስተማሩላቸው፣ የተጣላ ባልና ሚስት እንዳስታረቁላቸው ተናገሩ። ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ዓለምነው እጁን አውጥቶ "ይቅርታ፣ እኛ ገና አልወሰንንም" ለማለት ሞክሮ ነበር፤ ጭብጨባው ዋጠው። በመጨረሻ አቶ ህሩይ መዝገቡን ገልጠው በቤተሰቡ ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመሩ።

መሪጌታ እቤት ገብተው አዲሱን ጋቢ እያጠፉ፣ "ሸጋ ቀብር ነበር" አሉ።

ከዚያ እሑድ በኋላ መንደሩ ተለወጠ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ግን ዓለምነው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ "እንዴ፣ እስካሁን አልሄዳችሁም?" ይሉታል። ለመሪጌታ ጠዋት ጠዋት አብሽ በጥብጣ ትልክ የነበረችው ጎረቤታቸው አማረች መላኩን ተወች። ሄደዋል ብላ አይደለም፤ የተሸኘ ሰው ቤት በር ማንኳኳት ጨነቃት።

ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን ማስተዋል ሰንጠረዡን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበች።

"እኔ ነርስ ነኝ፣ ዓለምነው" አለች። "ሕይወት ያለው ነገር ከፍ ዝቅ ይላል። ቀን ከሌት አንድ ቁጥር ላይ የሚቆም አየር አይቼ አላውቅም።" ስልኩን ነጥቃ ደወለች። "አመተ ሥላሴ፣ መለኪያውን የት ነው የሰቀልሽው?"

"ሳሎን ነዋ። ከከሰል ምድጃው ከፍ አድርጌ።"

"ምነው ውጭ ብትሰቅይው?"

"ኧረ በዚህ በረዶ! የሰው አደራ አይደል እንዴ፣ ቢበርደውስ?"

"እስኪ አሁን አውጪው።"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። "ስምንት ሆነልሽ። በረደው፣ አላልኩሽም?"

ዓለምነው ያን ዕለት ምሳ አልበላም። በማግስቱ አቶ ህሩይ ዘንድ ሮጠ።

"መሸኛውን ልመልስ።"

"ቁጥር ወጥቶበታል፤ አይመለስም። እንደ አዲስ ማመልከት ትችላለህ። ስድስት ወር የመጠበቂያ ጊዜ አለው። በዚህ መሃል ሞት ቢኖር እድሩ አያውቅም።"

"ድንኳኑስ?"

"አይወጣም።"

"እርስዎስ፣ ጋሽ ህሩይ?"

አቶ ህሩይ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "እኔ… ዝናብ ከሌለ እመጣለሁ።"

ከሠላሳ አራት ረድፍ ሰንጠረዥ አንድ ጥያቄ ብቻ ተረፈ። መሪጌታ ሰው ወዳለበት ብርድ ሄደው ቶሎ ይሙቱ፣ ወይስ ትንሽ ይሰንብቱና ማንም ሳይኖር ይሙቱ? ባልና ሚስት ይህን በእነዚህ ቃላት አልተነጋገሩበትም። "ደባርቅ ብርድ ልብስ እንደርብላቸዋለን" አለች ማስተዋል። "ባዶ ድንኳን ላይ ግን ምን ይደረባል?" ዓለምነው ለደባርቅ አይሱዙ ተከራየ። አባቱን ሊጠይቅ ሦስት ጊዜ ከበሩ ደርሶ ሦስት ጊዜ "ሻይ ላምጣልዎት?" ብሎ ተመለሰ።

ሰኔ ሠላሳ ማለዳ አይሱዙው መጣ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ድስቱ ተጫነ። የወይዘሮ ወርቅውሃ ልጅ የቀለም ባልዲውን ይዞ፣ እንዳያስቸኩላቸው ብሎ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። መሪጌታ በሩ አጠገብ በቀረችው ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

"አባባ፣ ይነሡ። ዝናቡ ሳይመጣ ዳባትን እንለፍ።"

"አልሄድም።"

ዓለምነው ማስተዋልን አያት። ማስተዋል መኪናውን አየች።

"ጥሩ" አለ፣ ድምፁ ሳይታወቀው ቀለል እያለ። "እንቆያለን ይበሉኛ! ከታች ያለችውን ክፍል ዛሬውኑ እንይዛታለን። ሹፌሩን ልመልሰው?"

"አልቆይም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ወደየት ነው?" አለ ሹፌሩ በመስኮቱ። ከዚያም ሞተሩን አጠፋው።

ማስተዋል ከዱካዋ ሥር ቁጢጥ ብላ የአማቷን እጅ ያዘች፤ በዚያውም የልብ ምታቸውን ቆጠረች። "አባባ፣ በእኛ ተቀይመው ነው? ብርዱን ፈርተው ነው? ወይስ የእድሩ ነገር ነው?"

መሪጌታ ሳሉ። ሳሉ ረጅም ነበር፤ እስኪያልፍላቸው ሁሉም ጠበቀ።

"በማንም አልተቀየምኩም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን?" አለ ዓለምነው። "ነገ ሐምሌ አንድ ነው፣ አባባ። ቤት የለንም፣ እድር የለንም። እንድናውቀው ብቻ አንድ ቃል ይንገሩን። ለምን?"

መሪጌታ ዳዊታቸውን ዘግተው የሽኝቱን ጋቢ እንደ መግነዝ ተከናነቡ።

"አልናገርም" አሉ።