የሙሽሪት አንገት

ምህረት የሰው መኪና ውስጥ ስትገባ እጇ ከአፏ ይቀድማል። ሰላም ከማለቷ በፊት ወደ ኋላ ተዘርግታ የወንበሩን የራስ መደገፊያ ትዳብሳለች፤ ዝቅ ብሎ ካገኘችው ቁልፉን ጫን አድርጋ ሽቅብ ትስበዋለች። "ቀጭ" ብሎ ሲቆምላት ነው "እንዴት ዋላችሁ?" የምትለው። አንድ ጊዜ ክርስትና ላይ ጠፍታ ቢፈልጓት፣ ጋሼ አያሌው የሚባሉትን ሽማግሌ በገዛ መኪናቸው ውስጥ አስቀምጣ "ቀና ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ! ከአናትዎ እኩል መሆን አለበት" እያለች ስታስተካክል ፓርኪንግ ውስጥ ተገኘች። ከዚያን ቀን ወዲህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ሊንደን በሚባለው ሰፈር ያሉ ወዳጆቿ ስሟን "ምህረት አንገት" አሉት። እሷም አልከፋትም።

ዐመሉ ያለ ነገር አልመጣባትም። ከሁለት ዓመት በፊት በብርዱ ወራት፣ ኒው አልባኒ ካለው የዕቃ መጋዘን ሥራ ውላ ስትመለስ፣ ቤቷ ልትደርስ ሁለት መንገድ ሲቀራት ቀይ መብራት ላይ ቆማ ሳለ አንድ መኪና ከኋላ ገጫት። መኪናዋ ጫር ከመደረጉ በቀር ምንም አልሆነም። እንዲያውም የገጫትን ሰው "አይዞህ" ብላ አጽናንታው ነው የሄደችው። በማግስቱ ግን ራሷን ከትራሱ ማንሳት አቃታት። ክረምቱን ሙሉ፣ በረዶው እስኪቀልጥ፣ ዞር ብላ ሰው ማየት የማትችል፣ ሰውን ጠርታ ወደ ፊቷ የምታስመጣ ሴት ሆነች። ቴራፒ የምታሠራት ወይዘሮ "ሄድሬስትሽ፣ የራስ መደገፊያው፣ የት ላይ ነበር?" ብላ ስትጠይቃት ምህረት "እኔ እንጃ" አለች። ከፍና ዝቅ እንደሚል እንኳ አታውቅም ነበር፤ ለእንቅልፍ የተሠራ ነበር የሚመስላት።

"መኪናው ከኋላ ሲመታ ወንበሩ ጀርባሽን ይዞ ወደፊት ይሄዳል" አለቻት ሴትዮዋ። "ራስሽ ግን ኋላ ይቀራል። ዋጋውን የሚከፍለው መሀል ያለው አንገት ነው። መደገፊያው ከአናትሽ እኩል ከፍ ካለና ለራስሽ ከቀረበ ቶሎ ይቀበልሻል። ትከሻሽ ላይ ተጋድሞ ከሆነ ግን ምንም አይረባሽም።"

ይቺን ነው ምህረት ይዛ የቀረችው።

እንግዲህ ልጇ ሉሉ የምታገባበት ቅዳሜ ደረሰ። ሉሉ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ መሀል መሀሉ ላይ ወደ እንግሊዝኛ የሚታጠፍ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። እሷና እጮኛዋ ኦሊያድ ደንቡን ከሁለቱም አገር ቀላቅለውታል፤ ሽማግሌው፣ ምርቃቱና እልልታው እንደኛ፣ ሙሽራው ሙሽሪትን ከሥርዓቱ በፊት ማየት የለበትም የሚለው ደግሞ እንደ አሜሪካኖቹ። ስለዚህ ኦሊያድ አዳራሹ ሄዶ ይጠብቃል፤ ሉሉን ደግሞ የምህረት ታናሽ ወንድም ከተማ በመኪናው ያመጣታል።

ፀጉሯን የሠራችው ሐምራዊት ናት። ሐምራዊት ፀጉር ስትሠራ ሰው አታናግርም፤ ማስያዣዋን በጥርሷ ነክሳ ነው የምትሠራው። ጠዋቱን ሙሉ ስትጠቀልል፣ ስትወጋና ስትነፋ ቆይታ ከሉሉ ማጅራት በላይ አንድ ትልቅ ጉንጉን አቆመች። ዙሪያውን ነጫጭ አበባ ሰካችበት። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ።

ችግሩ የመጣው ሉሉ መኪናው ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው። መደገፊያው ጉንጉኑን ወደፊት ገፋውና አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ።

"አንክል፣ አልችልም! ጥሬ የምለቅም ዶሮ መሰልኩ እኮ!"

"ለዚህ ነው?" አለ ከተማ፣ ቀለል አድርጎ። ሁለቱን ቁልፎች ጫን፣ መደገፊያውን ከሥሩ ነቅሎ፣ ጭነት መያዣው ውስጥ ወርወር። "ንግሥት ሆይ፣ ይቀመጡ።"

ምህረት ያን ሰዓት ነው ከቤት የወጣችው። ወርቅማ ጥለት ያለው ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ደረጃውን እየወረደች ሳለ፣ ከወንበሩ በላይ የልጇን ባዶ ማጅራት አየችው።

"ከተማ! ምኑን ነቀልከው?"

"ምህረትዬ፣ ዛሬን እንኳ ተይው። ቅርብ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

"እኔስ ምን ሩቅ ሄጄ ነው? ቆሜ እኮ ነው የተመታሁት! አንተ ቀስ ብትል ከኋላህ ያለውን ማን ቀስ ያደርገዋል?"

"ማሚ፣ ፕሊስ!" አለች ሉሉ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በሠርጌ ቀን? ጀስት ዛሬ?"

ምህረት ልጇን በዛሬው ቀን ማስለቀስ አልፈለገችም። ሰው ሁሉ አንገት፣ አንገት እያለች ታሰለቻለች እንደሚላትም ታውቃለች። እተወው ይሆን ብላ አሰበች። ዝም ብዬ እጸልይና ልቀመጥ? ግን እጇ የመኪናውን በር ይዞ አልለቅ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፦

"ሉሉዬ፣ ያን ክረምት ፀጉሬን ማን ነበር የሚያጥበኝ?"

ሉሉ ቀና አለች። ማን እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። እሑድ እሑድ እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን በፎጣ ደግፋ፣ ውሃው እንዳያማት በኩባያ ቀስ እያለች ስታፈስላት የነበረችው እሷ ናት። ምህረት አንዳንዴ ታለቅስ ነበር፤ ሉሉ የእናቷ ዓይን ውስጥ ሳሙና የገባ አስመስላ ታልፈው ነበር።

ሙሽሪት ከመኪናው ወረደች።

"ሐምራዊት፣ ፍቺው።"

"ምን አልሽ?" የሐምራዊት ማስያዣ ከአፏ ወደቀ።

"ፍቺው። እዛ ስንደርስ ትሠሪኛለሽ።"

ሐምራዊት እትዬ ምህረትን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ የድካሟን ጉንጉን አየች። ከዚያ እንደ ተቀየመች፣ በረንዳው ላይ አንድ በአንድ ነቀለችው። የሉሉ ፀጉር ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። ከተማ መደገፊያውን ከጭነት መያዣው አውጥቶ መለሰ፤ ምህረትም ከልጇ አናት እኩል አደረገችው፣ የወንበሩን ጀርባ ቀና አደረገች፣ በራሷና በመደገፊያው መሀል ያለውን ክፍተት በእጇ ለካችና "አሁን እንሂድ" አለች። የከተማንም፣ ከኋላ የተቀመጠችውን የሐምራዊትንም ሳታስተካክል አልገባችም። ሐምራዊት ግን እስከ መጨረሻው አላናገረቻትም።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ዘፈኑን ከፍ አድርገው፣ ከተማ በመሪው ላይ እያጨበጨበ፣ ቀይ መብራት ያዛቸው። ቆሙ። ሉሉ ወደ እናቷ ልትዞር ስትል ምህረት "ወደፊት እያየሽ አውሪኝ" አለቻት፤ ሉሉም ስቃ ራሷን ደገፍ አደረገች።

ጓ!

መኪናው ዘለለ። ዘፈኑ ተቋረጠ። የሉሉ ራስ መደገፊያው ላይ እዚያው በነበረበት አረፈ።

"ሉሉ! ሉሉዬ!" ምህረት ቀበቶዋን መፍታት አቅቷት ታገለች።

"ደህና ነኝ፣ ማሚ። አይም ፋይን።" ሉሉ ማጅራቷን ነካች። ቀስ ብላ ወደ ግራ፣ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ዞረች። "እይ፣ ይዞራል።"

ከኋላ የገጫቸው መኪና ሙሉውን ፊኛ ነው። አንድ ሽበታም ጥቁር አሜሪካዊ፣ ክራቫታቸው የተጣመመ፣ ፊኛ እየገፉ ወረዱ። የልጅ ልጃቸው ምረቃ ላይ ሊደርሱ ሲጣደፉ፣ ፊኛው ከኋላ መጥቶ ፊታቸውን ጋርዷቸው ነበር። ነጩን ቀሚስ ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "አምላኬ ሆይ፣ ሙሽራ ገጨሁ!" አሉ በእንግሊዝኛቸው፤ ሊያለቅሱም ደረሱ። ይህን ጊዜ ምህረት ያን የዱሮውን "አይዞህ" ደግማ ልትል አሰበችና፣ መጀመሪያ አምቡላንስ ጠራች። አንገት የዛሬን ነገር ነገ እንደሚናገር ታውቃለችና።

ፖሊሱም ደረሰ፣ ሀኪሞቹም አራቱንም አዩ። ሽማግሌውንም አዩዋቸው። ሁሉም ደህና ናቸው፤ ሕመም ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት አለባቸው ተባለ።

ከተማ ለኦሊያድ ደውሎ ስለነበር፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ከሚዜው መኪና ዘሎ ወረደ። ወረደና ድንገት ቆመ። ሁለት መዳፉን ዓይኑ ላይ ከደነ።

"ሉሉ! አላየሁም! እምላለሁ አላየሁም! ደህና ነሽ ወይ ብቻ በይኝ!"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ፖሊሱም ሳቀ። ሉሉ ቀሚሷን ሰብስባ መጣችና እጁን ከዓይኑ ላይ አወረደችው።

"እየኝ" አለችው በአማርኛ።

ኦሊያድ አያት። የተፈታ ፀጉሯ በነፋሱ እየተነሳ ፊቷ ላይ ይወድቅ ነበር። "እንዲሁ ነይ" አላት። "ምንም ሳትነኪው፣ እንዲሁ ነይ።"

ሽማግሌው ከፊኛቸው ግማሹን ሰጥተዋቸው፣ መርቀዋቸው፣ ይቅርታ እየደጋገሙ ወደ ምረቃቸው ሄዱ። ከተማ የተንጠለጠለውን የመኪናውን የኋላ መከላከያ በሠርጉ ሪባን አሰረው። ፊኛውንም እላዩ ላይ ሰቀለ። ሙሽሪት ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ የገባችው እንዲያ ሆና ነው፤ ፀጉሯ እንደተለቀቀ፣ ከነጮቹ አበቦች ሁለቱ ብቻ ጆሮዋ ላይ ተሰክተው። እልልታው ጣሪያውን ነቀለው። ሴቶቹ እየተንሾካሾኩ "ይህን ፀጉር ማን ነው የሠራው? እንዴት ያለ ሥራ ነው!" ሲሉ፣ ሐምራዊት ከጥግ ወጣ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች፣ ደረቷን ነፍታ። ቀጥላም ወደ ምህረት ዞር ብላ የመጀመሪያውን ፈገግታ አሳየቻት።

ያን ቀን የተበላው ተበላ፤ የተጨፈረው ግን አይነገርም። ምህረት ራሷ አልቀረችም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ትከሻዋን ለቃ፣ ወጣቶቹን ከመሀል አስወጣቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትከፍት ስልኳን አነሳች። ፍርሃቷ ማግስት ነው። ለሉሉ ደወለች። ሉሉ በእንቅልፍ ድምፅ "ማሚ፣ አይም ፋይን፤ እየዞረ ነው" ብላት ስቃ ዘጋች። ሐምራዊትም ደህና ናት። ከተማ ጋ ስትደውል ግን ወንድሟ አቃሰተ።

"ምህረትዬ፣ አንገቴ! ትከሻዬም! መንቀሳቀስ አልቻልኩም!"

የቀኙን ጫማ በግራ እግሯ አጥልቃ በረረች። በሩን ስትከፍት ከተማ ሶፋ ላይ ተዘርግቷል። ሚስቱ ሻይ ይዛ አጠገቡ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ግን ጭንቀት የለም።

"ሆስፒታል እንሂድ፣ ተነስ!" አለች ምህረት።

"የት ትወስጂዋለሽ፣ እትዬ?" አለች ሚስቱ። "ማታ ከጎረምሶች ጋር በእስክስታ ተወራርዶ እኮ ነው!"

ከተማ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ እህቱን አያት። "አሸንፌአቸዋለሁ ግን" አለ።

ምህረት ሶፋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ እንባዋ እስኪፈስ፣ ሆዷን ይዛ፣ ሳቀች።