የልጃቸው አንደበት

እኒህን እናት ሰፈርተኛው «አፈ ንጉሥ» ይላቸው ነበር። መስማትና መናገር ለተሳናት ልጃቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንደበት ሆነው ኖረዋልና። ልጂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊደል የሚያስቆጥራት አላገኘችም። እናትና ልጅ ግን ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበትን የእጅ ቋንቋ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጠው ፈትለውታል። እሺታ መዳፍን መታ ማድረግ ነው፤ እምቢታ በሁለት ጣት ክር መበጠስ።

ያን ዕለት ረፋድ ልጂቱ በማዋለጃው ክፍል ተኝታለች። ምጥ ከያዛት ቀን አልፏል፤ ባሏ ከሥራ አገር ተጠርቶ ገና መንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ ቅጽ ይዞ ገባና ወደ እናትየዋ ዞረ።

«እማማ፣ ፅንሱ ተጋድሟል፤ ያለ ቀዶ ጥገና አይወለድም። ዳግም እንዳታረግዝ በዚያው የማህፀን ቱቦዋን እንቋጥረው። ለእንዲህ ላለችዋ አንድ ይበቃታል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እናት ብዕሩን ሲቀበሉ ሸምገል ያለችው አዋላጅ መዳፏን ቅጹ ላይ አሳረፈች።

«ዶክተር፣ የምትወልደው እኮ እማማ አይደሉም።»

«አትሰማማ።»

«አለመስማቷን አየን፤ አለማሰቧን ማን ነገረን? እማማ፣ ጥያቄውን ያድርሱላት፤ ሁለቱንም ለየብቻ።»

እናት እጃቸውን አነሡ። ቀዶ ጥገናውን ሲነግሯት ልጂቱ መዳፏን መታ አደረገች። መቋጠሩን ሲነግሯት ግን ላብ ያጠመቀው ፊቷ ኮስተር አለ፤ እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ ክሩን በጠሰችው።

የእናት ሆድ ቡቡ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያዩት ጣር ዳግም በልጃቸው ላይ ሲመጣ ታያቸው። ያንን ምልክት ከእርሳቸውና ከፈጣሪ በቀር የሚያነብ በክፍሉ አልነበረም።

«እሺ ብላለች» አሉ። «ሁለቱንም።»

ሐኪሙ ጻፈ። ልጂቱም ቃሏ የደረሰላት መስሏት የእናቷን እጅ ስባ ሳመችው።

ያ መሳም ከምስክር ሁሉ የከበደ ሆነባቸው። እንኳን ሐኪም፣ ንጉሥ ቢቆም የማይርዱት ሴት የሐኪሙን ክንድ ያዙ።

«ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛውን እምቢ ብላለች። ዋሽቻችኋለሁ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ለሷው ብዬ ነው።»

«እኔም ለሷው ብዬ ነው የዋሸሁት፣ ልጄ። ሁለታችንም ለሷ ስንል እሷኑ ረሳናት።»

አዋላጇ ጊዜ ሳታጠፋ ማህፀንና ቋጠሮ በወረቀት ሥላ ለልጂቱ ሰጠቻት። ልጂቱ እርሳሱን ተቀብላ ቋጠሮውን ደጋግማ ሰረዘችው፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ሐኪሙ አየ። ቅጹ ላይ የጻፈውን ሰርዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እርሷ መልሶ፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት። በቀረው ላይ አሻራዋን አኖረች።

ተሽከርካሪ አልጋው ሲገፋ እናት ተከተሉ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ነርስ በር ላይ አገዳቸው።

«እማማ፣ ቤተሰብ አይገባም።»

«ቤተሰብ ሆኜ መች መጣሁ? አስተርጓሚ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እውነቱን ለመናገር፣ ከአሁን ጀምሮ።»

አዋላጇ ከት ብላ ስቃ አረንጓዴውን ካባና ቆብ አለበሰቻቸው። እናትም ካባው እየጎተታቸው፣ ወንበር ላይ የተሾመ ሰው እንኳ በማይራመደው ኩራት ገቡ። ሐኪሙ «አሁን ይደነዝዛታል»፣ «አሁን ትንሽ ይጫናታል» ባለ ቁጥር በልጃቸው ራስጌ ሆነው አደረሱ፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። እርሷ «ቆይ» ስትል «ቆይ ትላለች» አሉ፤ ሐኪሙም ቆየ።

በመጨረሻ ክፍሉ በሕፃን ድምፅ ተሞላ። ልጂቱ አንገቷን አቅንታ ጣቶቿን በከንፈሯ ላይ አርገበገበች፦ አለቀሰ ወይ?

እናት እንባቸው በቆባቸው ማሰሪያ ላይ እየወረደ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አለቀሰች አሏት። ሴት ናት፤ ግድግዳውን የምታነቃንቅ።

ልጂቱም አመነቻቸው።