የላዛርን ቦታ ማን አወጣው?

ላዛር ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ቢሮአችን ገባ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

«ከመካከላችሁ ሌባ አለ!» አለ። «አባቴ ያሳየኝን የዓሣ ቦታ ሸጣችሁብኝ። ዛሬ ስደርስ ሦስት ጀልባ መረቡን ጥሎ ጠበቀኝ!»

እዚህ ሕንድ፣ ኮላም ወደብ ላይ ዓሣ አጥማጅ ቦታውን ለሚስቱም አይናገርም። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ እያንዳንዱ ጀልባ ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ ስልክ ብቻ ይልካል። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ሱሎቻና ነኝ፤ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል። ረዳቴ ክሪስፒን ከተቀጠረ ግን ገና አሥር ቀኑ ነው።

የላዛር ቦታ የደረሳቸውን ስልኮች ሳይ አንዱ የክሪስፒን አጎት ስልክ ሆኖ ተገኘ። ለማንም ሳልተነፍስ ሦስት ቀን ተከታተልኩት። ስልኩ ሲጠራ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያንሾካሹካል። ስጠጋው ስክሪኑን ይቀይራል። ሙዝ ጥብስ ገዝቶ ቢሰጠኝ እንኳ «ምን አስቦ ነው?» አልኩ በልቤ። በአራተኛው ቀን ወደ ፕሮግራሙ የሚገባበትን የይለፍ ቃል ዘጋሁበት።

«ቼቺ፣ ምነው ዘጋሽብኝ?» አለኝ። እንደ ታላቅ እህቱ ነበር የሚጠራኝ።

«አጎትህን ጠይቀው!»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አጎቴን? ልጆቹ ባሕር ላይ እያሉ ስልኩ ‹ጀልባህ መጠገኛው አሸዋ ላይ ቆማለች› ይለዋል። አክስቴ ‹ጀልባዋ ከወጣች ልጆቼ ሰምጠዋል› ብላ እያለቀሰች በየሰዓቱ ትደውልልኛለች። እኔ ብሰርቅለት አሸዋ ልስረቅለት?»

«ታዲያ ስክሪኑን ለምን ትደብቀኛለህ?»

በእኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ከዚያ ኮዱን ከፈተው፤ የእኔን ኮድ። «ስህተትሽን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ፕሮግራሙ ድሮ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ ነበር የሚያስተናግደው። ክሪስፒን በመጣ ሰሞን እንዲፈጥን ብሎ ሥራውን ክር ለሚባሉ ስምንት የሥራ መስመሮች አከፋፈለው፤ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ይሮጣሉ። የተቀባዩን ስልክ ቁጥር የምይዝበት ሣጥን፣ ተለዋዋጩ፣ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ የሁሉም። አንዱ ክር የላዛርን ቁጥር ጽፎ መልእክቱን ሳይልክ ሌላው መጥቶ በላዩ የሌላ ሰው ቁጥር ይጽፍበታል። እኔ በአንድ ጀልባ ብቻ ስሞክረው ደግሞ ስህተቱ አይታይም።

ክሪስፒን ከተለዋዋጩ ፊት «ትሬድ ሎካል» የሚለውን ቃል ጨመረ። ያኔ እያንዳንዱ ክር የራሱን ቅጂ ያዘ፤ ሌላው አይነካበትም። የሳምንቱን መልእክት ሁሉ ደግመን አስሮጥን፤ አንድም አልተሳሳተ።

«ጠርጥሬህ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ላዛር ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ሌባ እንደሌለ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። መረቡን እየጠገነ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ። «ሌባ ይባረራል። ቦታዬን ግን አሁን ማን ይመልስልኛል?»

 በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።